ማመልከቻው በማን እጅ ያልፋል?

በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በጋሞ ደጋ፣ ዲታ በሚባለው አገር፣ ከ1966ቱ አብዮት በፊት ሕዝብ የመሩ አንዲት ሴት ነበሩ። ስማቸው ጭማቴ ጩምባሎ ይባላል። አሜሪካዊቷ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ጁዲት ኦልምስቴድ ወደዚያ ደጋ ወጥታ የሕይወት ታሪካቸውን አጥንታለች፤ በ1997 እ.ኤ.አ.ም በመጽሐፍ አሳትማዋለች። ወይዘሮ ጭማቴ የኖሩበት አገር ሴት በአደባባይ ቆማ ስትፈርድ ማየት የለመደ አልነበረም። ሕዝብ የሚመክርበትና ጠብ የሚበርድበት ዱቡሻ የወንዶች መቀመጫ ነበር። ታሪኩን ከእሳቸው የጀመርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ ሴት ሠራተኛ መብት በተነሣ ቁጥር «ባህላችን ሴት አለቃ አያውቅም» የሚል ሰው አይጠፋም። የጋሞ ደጋ ግን ያውቃል።

ይሁንና አንዲት መሪ መገኘቷ የቀሩትን ሴቶች ድርሻ አልለወጠም። በጋሞ ጥጡን የምትፈትለው ሴት ናት፤ ሸማውን የሚሠራው ወንድ ነው። እንሰቱን የምትፍቀው ሴት ናት። የዶርዜ ሸማኔ ስም አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ድረስ ሲጠራ፣ ድርና ማጉን ያዘጋጀችውን ፈታይ የሚጠራት የለም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወደዚህ አገር ሲመጣም ይኸው የሥራ ክፍፍል ተከትሎት ገባ።

መሥሪያ ቤቱ አርባ ምንጭ የደረሰው ከጨንቻ ወርዶ ነው። በ1950ዎቹ የገሙ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ከጨንቻ ብርድ ወደ አርባ ምንጭ ሙቀት፣ ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች ትይዩ ወዳለው ስፍራ ተዛወረ። በእነዚያው ዓመታት አዲስ አበባ ላይ «የመንግሥት ሠራተኛ» የሚባለው ሰው በሕግ ቅርጽ እየያዘ ነበር። ቅጥሩን፣ ደረጃውንና ዕድገቱን የሚቆጣጠር ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ የጡረታ ሕግም ወጣ። ሴት በዚህ ሥርዓት ውስጥ መቀጠር ትችል ነበር፤ የተቀጠረችውም በአብዛኛው በጽሕፈት፣ በነርስነት፣ በመምህርነትና በጽዳት ነበር። ጡረታዋ ግን የወንዱ ለሚስቱ እንደሚተላለፈው በእኩል ለባሏ አይተላለፍም ነበር። ለዚህም ነው ከብዙ ዓመታት በኋላ የተጻፈው ሕገ መንግሥት ስለ ሴቶች ሲናገር ጡረታን ማስተላለፍን ለይቶ ያነሣው።

የዘመኑ ሕግ ሁለት ፊት ነበረው። የ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በኢትዮጵያውያን መካከል በሲቪል መብት ረገድ ልዩነት እንዳይደረግ ይደነግጋል፤ ሴቶችም የመምረጥ መብት አግኝተው ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ምክር ቤት ገቡ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 635 ባል የቤተሰቡ አለቃ መሆኑንና ሚስት ሕጋዊ በሆነው ሁሉ ልትታዘዘው እንደሚገባ ይናገራል። አንቀጽ 645 እያንዳንዱ ተጋቢ የመረጠውን ሥራ መሥራት እንደሚችል ካለ በኋላ፣ ሌላኛው ለትዳሩ ጥቅም ሲል ሊቃወም ይችላል ይላል። ቃሉ ለሁለቱም እኩል የተጻፈ ቢመስልም፣ ባል አለቃ በሆነበት ቤት ተቃውሞው የሚጸናው የማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ስለዚህ የዚያ ዘመን ሴት ሠራተኛ አቤት ልበል ብትል ከመሥሪያ ቤቷ በፊት ከቤቷ ፈቃድ ማግኘት ነበረባት። ሰኔ 1958 ኢትዮጵያ በሥራና በሙያ አድልዎን የሚከለክለውን የዓለም ሥራ ድርጅት 111ኛ ስምምነት አጸደቀች። ስምምነቱ ፆታን በስም ጠርቶ ይከለክላል፤ አርባ ምንጭ ያለችው ታይፒስት ግን በዚያ ስምምነት ማንን፣ የት እንደምትከስ የነገራት የለም።

ደርግ ሲመጣ ቃሉ ተለወጠ። ሴት «የተደራረበ ጭቆና» ያለባት ተባለች፤ በ1972 ዓ.ም. የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር በአዋጅ ተቋቁሞ እስከ ቀበሌ ወረደ። በ1973 መጨረሻ፣ በጳጉሜን፣ አገሪቱ በሴቶች ላይ የሚደረገውን ማንኛውንም አድልዎ ለማስወገድ የወጣውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት አጸደቀች። አርባ ምንጭም አደገች፤ የውኃ ቴክኖሎጂ ተቋሙ ተከፈተ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተተከለ፤ ከደጋ የወረዱ ፈታዮች ልጆችም የደመወዝ ሰዎች ሆኑ። የአቤቱታው መንገድ ግን ከቀድሞው ይልቅ ጠበበ ብዬ አምናለሁ። በንጉሡ ዘመን ደጅ መጥናት የሚባል ነገር ነበር፤ ተመላልሶ፣ ለምኖ፣ ከአንዱ ሹም ወደ በላይ ሹም መሄድ ይቻል ነበር። በደርግ ዘመን ማኅበሩም፣ አለቃውም፣ ቀበሌውም የአንድ መንግሥት እጅ ሆኑ። በአለቃዋ የተበደለች ሠራተኛ ለሴቶች ማኅበር ብትነግር፣ ነገሩ ተዟዙሮ የሚደርሰው አለቃው ከተቀመጠበት ስብሰባ ነው።

ደርግ ከወደቀበት ከ1983 በኋላ ያለው ዘመን በወረቀት እጅግ የበለጸገ ነው፤ እዚህ ላይ ረገጥ አድርጌ መሄድ እፈልጋለሁ። ኅዳር 29 ቀን 1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 በሥራ ቅጥር፣ በዕድገት፣ በእኩል ክፍያና ጡረታን በማስተላለፍ ሴቶች እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ፤ አንቀጽ 42 ሴት ሠራተኛ ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብቷን አከለበት። አንቀጽ 52 ደግሞ የክልሉን የመንግሥት ሠራተኛ የሚመለከት ሕግ የማውጣቱን ሥልጣን ለክልሎች ሰጠ። ይህች የመጨረሻዋ ድንጋጌ ለጋሞ ሴት ትልቅ ትርጉም አላት። ጨንቻ ወይም ቦንኬ ወረዳ የምትሠራ ባለሙያ የምትተዳደረው በፌዴራሉ አዋጅ ሳይሆን የፌዴራሉን አርአያ ተከትሎ በወጣው የክልል አዋጅ ነው፤ የመጨረሻው ደጃፏም ያኔ የክልሉ ዋና ከተማ የነበረችው ሐዋሳ ሆነች።

በ1994 ዓ.ም. አርአያ የሆነው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 262 ወጣ፤ በዚያው ዓመት የዲሲፕሊንና የቅሬታ አቀራረብ ሥነ ሥርዓት ደንብ ቁጥር 77 ተከተለው። በ1999 አዋጅ 262 በአዋጅ ቁጥር 515 ተተካ፤ አዲሱ አዋጅ ለሥራ ወይም ለዕድገት በሚደረግ ውድድር ሴቷ ከወንዱ እኩል ወይም የተቀራረበ ነጥብ ካመጣች ቅድሚያ እንድታገኝ አደረገ። ደንብ 77 ከሁሉ በላይ መነበብ ያለበት ሰነድ ነው። ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው የዕድገትን፣ የምደባን፣ የሥራ አፈጻጸም ምዘናን፣ አለቃ የሚያደርሰውን ተጽዕኖ ሳይቀር እንዲመረምር ሥልጣን ይሰጠዋል። ሠራተኛዋ የምትጮኽበት በር በስም ተጽፎበታል።

በሩ የሚከፈተው ወዴት እንደሆነ ለማየት የአንዲትን ሠራተኛ መንገድ እንከተል። የማንንም ስም አልጠራም፤ መንገዱ ግን በየወረዳው ያለች ሠራተኛ የምታውቀው ነው። አለቃዋ ለደረጃ ዕድገት ሌላ ዋጋ ጠየቃት እንበል። እምቢ አለች፤ ዕድገቱ ቀረባት፤ ማመልከቻ ጻፈች። ማመልከቻው መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ከዚያ ወደ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ይገባል። ኃላፊው «ታይቶ የውሳኔ ሐሳብ ይቅረብ» ብሎ ይመራዋል። ጉዳዩ የአለቃ ጥፋት ስለሆነ የሚመረምረው የዲሲፕሊን ኮሚቴ ነው፤ የኮሚቴውን ሰብሳቢና ከአባላቱ ከፊሉን የሚመርጠው ደግሞ ኃላፊው ነው፤ የተቀሩትን ሠራተኛው ይመርጣል። ኮሚቴው መርምሮ ሲጨርስም ውሳኔ አይሰጥም፤ የውሳኔ ሐሳቡን መልሶ ለኃላፊው ያቀርባል። የተከሰሰው ራሱ ኃላፊው ወይም የቅርብ ወዳጁ ከሆነ ወረቀቱ ዙሮ ዙሮ የተነሣበት ጠረጴዛ ላይ ይውላል።

ምስክር የሚሆኑት ደግሞ አብረዋት የሚሠሩት ናቸው። የእነሱም ምዘና የሚሞላው በዚያው አለቃ ነው።

ጊዜው ሳይታወቅ ስድስት ወር ይሞላል። የአፈጻጸም ምዘናው ይመጣል፤ ነጥቧ ወርዶ ታገኘዋለች። ያለ ነጥብ ዕድገት የለም፣ ትምህርት የለም። ቀጥሎ የዝውውር ደብዳቤ ይደርሳታል፤ «ለሥራው አስፈላጊነት ሲባል» ይላል። አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር ልጅ የምታስተምር እናት ካምባ ወረዳ ተመደበች ማለት ትዳሯ፣ የልጇ ትምህርትና ደመወዟ ሁሉም ተናጋ ማለት ነው። በመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ (ቢፒአር) ዘመን፣ ኋላም በየጊዜው በመጣው ድልድል፣ ሰውን ማንሣትና ማስቀመጥ የተለመደ ስለሆነ ደብዳቤው እንግዳ አይመስልም። ስለ ማመልከቻዋ አንዲት ቃል አይናገርም። ያ ነው ኃይሉ። አንድ ሰው ተሰደበ ቢባል ስድቡን የሰማ ይገኛል፤ የዝውውር ደብዳቤ ግን ማኅተም ያለው በቀል ነው፤ ለማስረዳት እጅግ ይከብዳል። ብታስረዳም አዲስ ቅሬታ አድርጋ፣ ለቅሬታ ሰሚው ኮሚቴ፣ በዚያው መዝገብ ቤት በኩል ማቅረብ አለባት። ሰው «ጥርስ ውስጥ ገባች» የሚለው ይህን ነው።

በዚህ መሐል አቤት ባይን የሚያግዙ ሴቶችም ተነሥተው ነበር። ሕገ መንግሥቱ ሥራ ላይ በዋለ ሰሞን ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊና ባልደረቦቻቸው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን መሠረቱ፤ ማኅበሩ ለሴቶች ነጻ የሕግ ምክርና ጥብቅና መስጠት ጀመረ። በ1993 ማብቂያ ላይ፣ የፍትሕ አካላት የአንዲትን ጥቃት የደረሰባት ሴት አቤቱታ ችላ ብለዋል ብሎ በአደባባይ በመናገሩ፣ ፍትሕ ሚኒስቴር አገደው። እገዳው ከሳምንታት በኋላ ተነሣ። አቤት ባይን የሚረዳው ራሱ አቤት በማለቱ ሲቀጣ አገር አየ። በ2001 የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 በሰብዓዊ መብት ላይ የሚሠሩ ማኅበራት ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ እንዳያገኙ ሲከለክል ማኅበሩ እንደገና ተዳከመ፤ ያ አዋጅ የተሻረው በ2011 ነው። በእነዚያ 10 ዓመታት ከአርባ ምንጭ የወጣች አቤቱታ የሚቀበላት ጠበቃ ይበልጥ ራቃት።

ከአዋጅ 621 ጥቂት ቀደም ብሎ ነው የገጠሩ መንግሥት ሠራተኛ ፊት መለወጥ የጀመረው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1990ዎቹ አጋማሽ ተጀመረ። ለአንድ ቀበሌ 2 ሴቶች፣ ከዚያው አካባቢ ተመልምለው፣ አንድ ዓመት ሠልጥነው፣ ደመወዝ እየተከፈላቸው ተመደቡ፤ በአገሪቱ ቁጥራቸው ከ30,000 በላይ ሆነ። ለዲታ፣ ለቦንኬ፣ ለጨንቻ ደጋ ቀበሌዎች ይህ ታላቅ ነገር ነው። የፈታይዋ ልጅ ቦርሳ ይዛ፣ ክትባት ይዛ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ሆና ከቤት ወደ ቤት ሄደች። ነገር ግን ይህች ልጅ ከቀበሌ ሹም እስከ ወረዳ ኃላፊ ባሉ አለቆች መካከል የምትሠራ፣ ብቻዋን ዳገት የምትወጣና የምትወርድ፣ ከ2 ሠራተኞች አንዷ ናት። አቤት ብትል አቤት ያለችው እሷ መሆኗን ቀበሌው ሁሉ ያውቃል።

ስለ እነሱ ባሰብኩ ቁጥር የምትታወሰኝ የሕንዷ ብሃንዋሪ ዴቪ ናት። እሷም በራጃስታን ክፍለ ግዛት መንግሥት በገጠር ያሰማራት፣ ሴቶችን የምታነቃ ሠራተኛ ነበረች። በ1992 እ.ኤ.አ. የሕፃን ጋብቻ ለማስቆም በመሞከሯ የመንደሩ ሰዎች ተባብረው ደፈሯት፤ በ1995 ፍርድ ቤት ተከሳሾቹን ከአስገድዶ መድፈር ክሱ ነጻ አወጣቸው። የእሷን ነገር ይዘው የሴቶች ማኅበራት የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ገቡ፤ ነሐሴ 1997 እ.ኤ.አ. ቪሻካ ተብሎ የሚታወቀው ውሳኔ ተሰጠ። ውሳኔው በየመሥሪያ ቤቱ የአቤቱታ ኮሚቴ እንዲቋቋም፣ ሰብሳቢዋ ሴት እንድትሆን፣ ከአባላቱ ከግማሽ የማያንሱት ሴቶች እንዲሆኑ፣ ከበላይ የሚመጣ ጫና እንዳይኖርም ከመሥሪያ ቤቱ ውጪ የሆነ አካል እንዲገባበት አዘዘ። አቤት ባይዋና ምስክሮቿ እንዳይጎዱ፣ ከፈለገችም ራሷ እንድትዛወር ወይም በዳዩ እንዲዛወርላት መጠየቅ እንደምትችል ወሰነ። በዳዩ ይዛወር! የእኛ አገር ወረቀት ሁልጊዜ የሚያዛውራት እሷን ነው። በአሜሪካም በ1964 እ.ኤ.አ. የወጣው የአድልዎ ክልከላ ሕግ የመንግሥት ሠራተኞችን ያካተተው በ1972 ነው፤ አቤት ባይን ወደ ከባድ ሥራ ማዛወር ራሱ በቀል ሊሆን እንደሚችል የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነው ደግሞ በ2006 ነው። መንገዱ ለሁሉም ረጅም ነበር።

የእኛ ሕግም ዝም አላለም። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 625 የአሠሪነትን ወይም የአለቅነትን ሥልጣን መከታ አድርጎ ሴትን ለወሲብ መጠቀምን ወንጀል አድርጓል፤ ክሱ ግን የሚንቀሳቀሰው በተበዳይዋ አቤቱታ ነው። የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699 በ2003 ወጣ፤ እሱም የሚመለከተው ወንጀልን እንጂ የምዘና ነጥብን አይደለም። በ2010 የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ወሲባዊ ትንኮሳን በዝርዝር ተረጎመ፤ ቅጥርን፣ ዕድገትን፣ ዝውውርንና ሥልጠናን በወሲባዊ ጥያቄ ማስያዝን በስም ጠራ። የወሊድ ፈቃድን ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን አደረገ፤ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁም አዘዘ። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ትንኮሳውን እንዲህ ጠንቅቆ የተረጎመ አዋጅ ግን ከአቤቱታው በኋላ ለሚመጣው በቀል የዚያን ያህል ዝርዝር ትርጉም አልሰጠም።

መስከረም 2011 አርባ ምንጭ ለአገር የተረፈ ነገር አሳየች። አዲስ አበባ አጠገብ ባለችው ቡራዩ ወገኖቻቸው ተገድለው የተቆጡ ወጣቶች ለበቀል ሲነሡ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበረከኩና መለሷቸው። አገሩ ሁሉ አመሰገናቸው፤ ምስጋናው ይገባቸዋል። በዚያው ዓመት ጥቅምት አዲስ አበባ ላይ ከካቢኔው ግማሹ ሴቶች ሆኑ፤ ወይዘሮ ሳህለወርቅ ዘውዴ ርእሰ ብሔር፣ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ። ገሙ ጎፋ ዞንም ተከፍሎ ጋሞ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ።

የሽምግልናውን ነገር ግን እዚህ ላይ በቅንነት መናገር አለብኝ። ጠብን የሚያበርደው ያው መልካም ልማድ፣ የመሥሪያ ቤት አቤቱታ ላይ ሲደርስ ሴቲቱን ይጎዳል። «እህቴ፣ ቤተሰብ እንዳይፈርስበት፣ በይ ተዪው» ተብላ ማመልከቻዋን ታነሣለች፤ አለቃው ወንበሩ ላይ ይቆያል፤ እሷ በየማለዳው እሱ ፊት ትገባለች። ጋሞ ጎሜ የሚለው ነገር አለው፤ ክልክሉን የጣሰ ሰው መቅሠፍት እንዳይከተለው በደሉን አውጥቶ መናገር አለበት። እርቅ ከሆነ እርቁ ከዚህ ይጀምር፤ በደሉን የሚያወጣው የበደለው ይሁን። የተበደለችው ዝም እንድትል መማለድ የአባቶች ሥርዓት አይደለም።

ነሐሴ 13 ቀን 2015 የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በአርባ ምንጭ ተመሠረተ። የክልሉ መሥሪያ ቤቶች ወላይታ ሶዶን፣ አርባ ምንጭንና ዲላን ጨምሮ በተለያዩ ከተሞች ተከፋፈሉ። ወደ ሐዋሳ ይሄድ የነበረው የይግባኝ ፋይል አቅጣጫውን ለወጠ። ክልሉ ቀድሞ ከነበረበት የወረሳቸውን ሕጎች በራሱ ሕጎች የመተካት ሥልጣን አለው፤ በ2017 ደግሞ ፌዴራሉ አዋጅ 1064ን በአዋጅ ቁጥር 1353 ተክቷል። ክልሎች የፌዴራሉን አርአያ መከተላቸው ልማድ ስለሆነ የዚህ ሕግ ተራ ወደ ጋሞ መምጣቱ አይቀርም።

ስለዚህ ቃሌ ለክልሉ ምክር ቤት አባላት ነው። የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ጠረጴዛችሁ ላይ ሲቀርብ ሦስት ነገር ጻፉበት። አቤት ያለች ሠራተኛ ጉዳዩ እስኪያልቅ ምዘናዋን የተከሰሰው አለቃ አይሙላው። ዝውውር ካስፈለገ የሚዛወረው ተከሳሹ ይሁን፤ እሷ የምትዛወረው ራሷ በጽሑፍ ስትጠይቅ ብቻ ይሁን። አቤቱታው አለቃውን የሚመለከት ሲሆን የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ያልሾመው፣ ሴቶች ከግማሽ ያላነሱበት ኮሚቴ ይስማው። ለአንቺም፣ ዛሬ ሴቻ፣ ሲቀላ ወይም ካምባ ወረዳ ውስጥ ማመልከቻ ጽፈሽ ለምታመነቺው እህቴ፣ አደራ የምልሽ አንድ ነገር አለ፤ መዝገብ ቤት ስታስገቢ ቁጥሩንና ቀኑን በግልባጩ ላይ አስጽፈሽ፣ ማኅተም አስመትተሽ፣ ግልባጩን ቤትሽ አስቀምጪው።